በላም የተማለ ዕርቅ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሚኒሶታ፣ ክሪስታል በምትባለው ከተማ ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። የተጣሉት የእህትማማች ባሎች ናቸው፤ አብረው ትራክ ገዝተው አብረው መሥራት ያቃታቸው። የቤቱ እመቤት ሳምቡሳውን በትሪ ቆልላ፣ ዝንጅብል የበዛበትን ሻይ በፔርሙስ አቅርባ ወደ ውስጥ ገባች። ሌሎቹ ምንጣፍ ላይ ተደላድለዋል፤ እኔ ግን ወገቤና ምንጣፍ ከተጣሉ ስለቆዩ ሶፋው ላይ ጉብ ብያለሁ። ስብሰባውን የጠራው ጀማል የሚባል ጎልማሳ ነው። ተነሣና አስተዋወቀኝ።

«እኚህን አባት እንዲሁ ሽማግሌ ናቸው ብላችሁ እንዳታዩዋቸው» አለ። «እኛን ሐበሾቹን ተዉን፤ ሲክና ሂንዱ፣ እነዚያ ስንት መቶ ዓመት ሲጋደሉ የኖሩት፣ ፎር ሪል፣ እነሱን በላም አስምለው ያስታረቁ ሰው ናቸው! እስቲ ኢማጂን አድርጉት!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም እንደ ልማዴ ፈገግ አልኩ። ይህ ታሪክ በየሰርጉና በየለቅሶው ቤት ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እየተወራ ፋፍቶ ፋፍቶ፣ አሁን አሁንማ ላሚቱ ራሷ ሳሎን ገብታ የመሰከረች ይመስላል። ሲወራ ስሰማ ግን ኩራት አይሰማኝም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ? የነበርኩት እኔ ነኝና ልናገረው።

ሚኒሶታ ከመጣሁ ገና ሁለተኛው ክረምቴ ነበር። ክረምት ስል የእኛን ክረምት እንዳታስቡ። የወሎ ክረምት ቢያስነጥስም እሸት ያመጣል፤ የዚህኛው ትርፉ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ብቻ ነው። ሥራዬ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ የሆስፒታል ዕቃ የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የምኖረው ደግሞ ክሪስታል፤ ከከተማው አንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ማለት ነው። ፋብሪካው በር ድረስ የሚደርስ አውቶቡስ አልነበረም። መኪናም መንጃ ፈቃድም ያልነበረን ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሽማግሌ ቸርነት ነበር የምንመላለሰው።

ሽማግሌው ሐርናም ሲንግ ይባላል። ሲክ ነው፤ ጢሙ ጥጥ መስሏል፣ ጥምጣሙን በየቀኑ ቀለም ይለውጣል። ፋብሪካው ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ አልወለደም። ነጭ ትልቅ ቫን ነበረው፤ «ሐቲ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ በእነሱ ቋንቋ ዝሆን ማለት ነው። የቤንዚን እናዋጣ ስንለው ይቆጣል። ጠዋት ጠዋት ውስጡ ድንች የተጠቀጠቀበት ትኩስ ቂጣ በፎይል ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ ቅቤው በፎይሉ አልፎ ጓንቴን ያረጥበዋል። እኔን «ፑታር» ይለኛል፣ «ልጄ» እንደማለት። አባቴ አገር ቤት ነበርና ቃሉን ጆሮዬ ወደደው።

ሁለተኛው ተሳፋሪ ራማን ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አርባዎቹን የጀመረ ሂንዱ፤ አገሩ ከፑንጃብ ሜዳ በላይ ከሚነሡት ኮረብታዎች ውስጥ ነው። ያንን ኮረብታ ድሮ ይገዙ ከነበሩት ትናንሽ አለቆች የአንዱ ዘር ነበር፤ በእኛ ቋንቋ የባላባት ልጅ። ባላባትነቱ የቀረለት በአቀማመጡ ብቻ ነው፤ ካርቶን ሲያሽግ እንኳን ጀርባው አይጎብጥም። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ለማምጣት ወረቀት ጀምሯል። ያ ወረቀት በደሞዙ ላይ የቆመ ነበር፤ ሥራው ከተቋረጠ ወረቀቱም ይወድቃል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ የልጁን ፎቶ እያሳየ።

መኪና ውስጥ የታሰረ ሰው ያወራል። የሐርናም ወሬ ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። የሲኮቹ አሥረኛ መሪ፣ ጉሩ የሚሏቸው፣ በኮረብታዎቹ ግርጌ አናንድፑር በምትባል ከተማ ይኖሩ ነበር። ዙሪያውን የሚገዙት የራማን አባቶች ናቸው፤ ራጃ ይባላሉ። አንዱ ራጃ የጉሩውን ያማረ ዝሆን ያይና ዓይኑ ይቀላል። ለልጄ ማጫ ላጊጥበት፣ አውሱኝ ብሎ ይልካል። ጉሩው የሄደ ዝሆን እንደማይመለስ ገብቷቸው እምቢ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቂም፣ ከቂም ወዲያ ጦርነት።

«ስለዚህ ፑታር» ይለኛል ሐርናም መሪውን መታ መታ እያደረገ፣ «ከጎረቤትህ ዝሆን አትዋስ።»

ራማን ከኋላ ወንበር ይመልስለታል። «ደጅህ ላይ የሰፈረ እንግዳ ጦር ሰብስቦ፣ ነጋሪት እያስጎሰመ ሲያድን አንተ ዝም ትላለህ? ዝሆኑ ምክንያት ነው፤ ነገሩ ነጋሪቱ ነው።»

እኔ ልቤ ወደ ሁለቱም ነበር። ነጋሪት ማን ይጎስም የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቀልድ እስከሆነ ድረስም መንገዱን ያሳጥርልናል።

ቀልድ ያልሆነው የታሪኩ መጨረሻ ነው። የኮረብታው አለቆችና አገሩን ሁሉ የሚገዛው የሙስሊሙ ንጉሠ ነገሥት ጦር ከተማዋን ከበቡ። ከበባው ረዘመ፣ ውስጥ ያለው ሕዝብ ተራበ። በዚህ ጊዜ ከበው ከያዙት መልእክት መጣ፤ ከተማዋን ለቃችሁ ውጡ፣ ማንም አይነካችሁም። ራጃዎቹ ቅድስት በሚሏት በላም ማሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት ደግሞ በቁርኣን። ሲኮቹ አምነው ወጡ። ገና ብዙም ሳይርቁ ጦሩ ከኋላ ደረሰባቸው። በዶፍ የሞላ ወንዝ ሲሻገሩ ተበታተኑ፤ የጉሩው ሁለት ትንንሽ ልጆች ከአያታቸው ጋር ተለይተው በጠላት እጅ ወደቁ፣ በሕይወት እያሉም ግንብ ተገነባባቸው። ሐርናም «በቁርኣን» ያለ ጊዜ በመስታወቱ አየት ያደርገኝና «አንተን አይደለም፣ ፑታር» ይላል። እኔ ግን ባለኝ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ለካ ከተከሳሾቹ ወገን እኔም አለሁበት።

የሁለቱ ሕፃናት መታሰቢያ በዲሴምበር መጨረሻ ይውላል። በዚያ ሳምንት ሐርናም ቀልድ የለውም፣ ቂጣም አያመጣም። ራማን ደግሞ ስለ ወረቀቱ ስልክ ሲደውል አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል። ሐርናም ታሪኩን ጀመረና መሐላው ጋ ሲደርስ ራማን ከኋላ ገነፈለ።

«በየዓመቱ አባቶቼ እዚህ መኪና ውስጥ ይሰቀላሉ! በጦርነት ምሎ ያላፈረሰ ማን አለ? ልጆቹን የገደለውም የኮረብታ ሰው አይደለም!»

የመጨረሻው እውነት ነው፤ ያስገደላቸው የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ነበር። የፊተኛውን ግን በዚያ ሳምንት ለሐርናም መናገር አልነበረበትም። ሚሲሲፒን እንደተሻገርን ቫኑ ወደ ዳር ያዘና ቆመ። ሐርናም ወደ ኋላ ሳይዞር «ውረድ» አለ። ራማን የምሳ ሳህኑን ይዞ ወረደ፤ በሩን እንኳን አላጋጨም። እኔ ከሙቁ ወንበሬ ላይ ሳልነሣ በመስኮት አየሁት። አብሬው ልወርድ ይገባኝ ነበር ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራማን እስከ መጨረሻው ፌርማታ በአውቶቡስ ይመጣና የቀረውን በእግሩ ይመጣል። መንገዱ የእግረኛ አልነበረም። መኪኖቹ በረዶና ጨው የተቀላቀለበት ጭቃ ይረጩበታል። የጆሮው ጫፍ በብርዱ ጠቆረ፤ እኔ የሐርናም ሐቲ ውስጥ ቁጭ ብዬ አልፈዋለሁ። ማርፈድ አበዛና ሱፐርቫይዘሯ ጠርታ አስጠነቀቀችው፤ ዳግም ካረፈደ ሥራው አለቀ። ያን ዕለት የልጁን ፎቶ አላሳየኝም።

እንግዲህ የእኔ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አያቴ ወሎ ውስጥ አበጋር ነበር፤ ደም የተቃቡትን፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሚያስታርቅ። አበጋር በሁለት ጠበኞች መካከል ሲመላለስ ቃል ያለሰልሳል። «እገድለዋለሁ» ያለውን «ከፍቶታል» ብሎ ያደርስለታል። ዕርቅ ለማውረድ የተዋሸ ውሸት ከኃጢአት አይጻፍም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ታዲያ የአያቴ ደም እኔ ውስጥ ከፈላ ለምን አላስታርቃቸውም አልኩ። ዕድሜው ገና ሃያን ያለፈ ሰው ሁሉን የሚችል ይመስለዋል።

መጀመሪያ ወደ ራማን ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ከካርቶኖቹ ጀርባ ምስሩን በሩዝ እየበላ አገኘሁት።

«ይቅርታ በለው» አልኩት።

«ለምኑ? ለአባቶቼ ነው ለአፌ?» አለኝ። ቆየና ደግሞ፣ «የደጁን በረዶ ራሱ እንዳይዝቅ ንገረው፤ ወገቡ አይችልም። ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፣ እሱ ቤት ሳይገባ ዝቄ እሄዳለሁ» አለ።

ያገኘሁት ቃል ይኸው ነው። ሰውዬው በእግሩ እየተንገላታ ላባረረው ሽማግሌ ወገብ ያስባል። ዛሬ ሳስበው ከዚህ የበለጠ የዕርቅ ቃል ከየት ይመጣል? በዚያ ዕድሜዬ ግን አነሰችኝ። ስለ በረዶ የተነገረች ተራ ነገር መሰለችኝ፤ የስንት መቶ ዓመት ቂም በአካፋ ይዛቃል እንዴ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሐርናም ጋር ብቻችንን ስንሄድ፣ አፌን ከፈትኩ። «ራማን በጣም ተጸጽቷል» አልኩ። ሐርናም ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ያላመነኝ መስሎኝ ጨመርኩ፤ «አባቶቼ በዚያች ከተማ በር ላይ ምለው ማፍረሳቸው ያሳፍረኛል ብሏል።» እኔ ደግሞ ከተዳፋት እንደ ወረደ ሰው ማቆም አቃተኝ። «በላም ማለልኝ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐርናም ቫኑን ዳር አቆመ። ሊያወርደኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። እሱ ግን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ያን የሚያክል ሰው፣ ጢሙ እስኪርስ። «አንድ ሰው» አለ በመጨረሻ፤ «ከዚያ ሁሉ ዘር አንድ ሰው።» ከዚያ ዞሮ ራሴን ሳመኝ።

በበነጋው ሐቲ ራማን በር ላይ ቆማ ነበር። ሐርናም ወርዶ አቀፈው፤ ራማን ደንግጦ እጆቹን ወዴት እንደሚያደርግ አጣ። ቂጣው ለሁለት ሰው ተጠቅልሎ መጥቷል። በነገር መሀል ስለ መሐላው ቢነሣስ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ማንም አላነሣውም። ራማን ሽማግሌው በራሱ ጊዜ የበረደለት መስሎት ይሆናል። እኔም ሰላም ወረደ ብዬ ኮራሁ። ኩራቴ እስከ ዓርብ ቆየ።

ዓርብ ከሥራ ስንመለስ፣ ራማን ቀድሞ ከወረደ በኋላ፣ ሐርናም እንዲህ አለኝ፤ «እሑድ ሁለታችሁም ጉርድዋራ ኑልኝ። ወገኖቼ ፊት እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ቃል መኪና ውስጥ አይቀርም።» ጉርድዋራ የጸሎት ቤታቸው ነው። ማስቆም እችል ነበር። «ሐርናም፣ ውሸቴን ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው፤ ያለኝ ጊዜ ከራማን ቤት እስከ ክሪስታል ድረስ ነበር። «እሺ» አልኩት።

እሑድ ጫማችንን አውልቀን፣ ራሳችንን በብርቱካንማ ጨርቅ ሸፍነን ገባን። ከጸሎቱ በኋላ ሁሉም በረድፍ መሬት ተቀምጦ ከአንድ ድስት ይበላል፤ ባለጸጋ ከድሃ፣ ሲክ ከሌላው ሳይለይ። ምስር ወጥ፣ ትኩስ ቂጣ፣ በወተት የበሰለ ጣፋጭ ሩዝ። ያ ሩዝ ሄል ይሸት ነበር፤ ዛሬም ሻይዬ ውስጥ ሄል አላስጨምርም። ሐርናም ከረድፉ መሀል ተነሥቶ በፑንጃቢ ይናገር ጀመር። ቋንቋውን አላውቅም። ራማን ግን ያውቃል። የቂጣ ቁራሽ እንደያዘ እጁ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ሐርናም ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ ለእኔ ብሎ ነው። «ያገናኘን ይህ ልጅ ነው። ራማን ወንድሜ፣ ለእሱ የማልክለትን ራስህ ንገራቸው።»

ራማን ዞሮ አየኝ። ያን አተያይ ቁጣ ነበር ብል በቀለለኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ከየት እንደመጣ ነገሩ ሲገባው አየሁት። እኔ ሳህኔን አየሁ። አንድ ቃል ከእኔ ቢወጣ ያድነው ነበር፣ አልወጣም። አዳራሹ ይጠብቃል። ሐርናም ቆሟል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ራማን እምቢ ቢል ሽማግሌው በወገኑ ፊት ይዋረዳል፤ ከዚያ ሐቲ የለም፣ ሥራ የለም፣ ሚስትና ልጅ የሉም። እሺ ቢል አባቶቹን በባዕድ አደባባይ ይከሳል።

ቁራሹን ሳህኑ ላይ መልሶ ተነሣ። ጀርባው እንደወትሮው ቀጥ ብሏል። «በእናታችን በላም እምላለሁ» አለ፤ መጀመሪያ በእነሱ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። «አባቶቼ የገቡትን ቃል አፍርሰዋል። እኔ አልከላከልላቸውም።»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ አምላካቸውን አመሰገነ። ሰዎች እየተነሡ አቀፉት። እኔንም አቀፉኝ። እንዲህ ነው የሽማግሌነት ስሜ የተወለደው።

ያን ሰሞን ለአባቴ በስልክ ካርድ ደውዬ ጀብዱዬን ከነውሸቱ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። «አያትህ ቃል ያለሰልስ ነበር» አለኝ። «መሐላ ግን ከባለቤቱ አፍ ነው የሚቀበለው። በሰው ስም ምሎ አያውቅም፤ ወላሂ አያውቅም።» ካርዱ አልቆ ስልኩ ተዘጋ።

ዕርቁስ? ዕርቁ ሰመረ፤ የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። የራማን ሚስትና ልጅ መጡ። ልጅቷ ሐርናምን አያቴ እያለች አደገች፤ ከትከሻው አትወርድም ነበር፣ ጥምጣሙን ትፈታበታለች። ሁለቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው እንደ ወንድም ኖሩ። ነገር ግን ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ የራማን አገር ሰው ነበረና ወሬው ኮረብታው ድረስ ደረሰ። ታላቅ ወንድሙ «አባቶቻችንን በጠላታቸው ቤት የረገመ» ብሎ ከዘር ቆረጠው። አባታቸው ሲሞት እንዳይመጣ ተነገረው። ራማን በዚያ ቀን ፋብሪካ ገብቶ ሲያሽግ ዋለ፤ አጠገቡ ቆሜ ቴፑን አቀብለው ነበር።

ጊዜ ሳገኝ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የሐርናም ጉሩ ተከበው፣ ሕዝባቸው ተርቦ ነበር የሰውን መሐላ የተቀበሉት። እኔ ደግሞ ራማንን በሚስቱና በልጁ ከብቤ መሐላ አወጣሁበት። ከልቡ ምሎ ይሁን ወይ መውጫ አጥቶ፣ አላውቅም።

ሐርናም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተ። በሽኝቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ራማን ከፊት ሆኖ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሲያልቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ለብቻው አገኘሁት፤ ሁለታችንም ሸብተናል። ሐርናም ከእንግዲህ ስለማይሰማ ድፍረት መጣልኝ። «ራማን» አልኩት፣ «ያን ጊዜ ለሐርናም ያልኩት፣ ያ መሐላ...»

እጁን አነሣ። «አትንገረኝ» አለኝ። «ወንድሜ ዛሬም ስልኬን አያነሣም። የአባቴን አስከሬን አልሸኘሁም። ይህን ሁሉ የሰጠሁት ለአንድ ቃል ነው። ቃሉ የእኔ ነው፤ ምያለሁ። አሁን አንተ ወስደህ የራስህ ውሸት ልታደርገው ነው?»

ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ይቅርታ ልጠይቅበት የቀረኝን በር እሱ በቀስታ ዘጋው፤ መብቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው መልእክት ሳደርስ የተባለውን እንደተባለ አደርሳለሁ፣ ስድቡን ከነስድቡ። በዚህም የተነሣ የማልረባ ሽማግሌ ሆኛለሁ። የቅዳሜዎቹ ባለ ትራኮችም ሳይታረቁ ነው የተበተኑት፤ ለስሜ ሲሉ ግን ደግመው ይጠሩኛል።

የዚያኑ ቅዳሜ ማታ ልጄ ሰሚራ በመኪናዋ ልትወስደኝ መጣች። ጀማል ሲሸኘኝ ወሬውን ሲደግመው በር ላይ ሆና ሰምታዋለች። ትንሽ እንደነዳች፣ «ዳድ፣ ኢዝ ኢት ትሩ?» አለችኝ። «ሰውዬው ሪሊ በላም ማለ?»

መልሱ አፌ ላይ መጣ፣ ሙሉው። ግን ሙሉውን ብነግራት ለራማን የቀረችለትን ያችን አንዲት ቃል እወስድበታለሁ።

«ምሏል» አልኳት። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዛት ኢዝ አሜዚንግ» አለች። «አይ አም ሶ ፕራውድ ኦቭ ዩ።»

አመሰግናለሁ፣ ልጄ አልኳት።